ክፍልፋዩ በየት በኩል ይሳሳታል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ውስጥ ላዕልና ታህትን (የክፍልፋይን የላይና የታች ቁጥር) ለየብቻ ይዞ የሚያሰላው የንጥጥር ቁጥር ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት «አይሳሳትም» ተብሎ የሚታመን በመሆኑ፣ ያልጠበቁት ውጤት ሲያወጣ ጠያቂዎቻችን ከመገረም አልፈው ተናደዋል።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፓይተን መማር ስለጀመሩ የክፍልፋይ ስሌትን በኮምፒዩተር ላሳያቸው ብዬ ፍራክሽን የተባለውን ዓይነት ከፈትኩና 0.1 ሰጠሁት። 1/10 ይለኛል ብዬ ስጠብቅ 3602879701896397/36028797018963968 የሚል ቁጥር አወጣ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በትክክል ያሰላል የተባለ ዓይነት 1/10ን እንኳ የማያውቀው ለምንድን ነው? ባግ (የፕሮግራም ስሕተት) ነው ወይ? (የሂሳብ መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ባግ አይደለም። እንዲያውም ፍራክሽን የተሰጠውን ቁጥር አንዲት ነጥብ ሳያዛባ ነው የመለሰልዎት፤ ችግሩ የተሰጠው ቁጥር 1/10 አለመሆኑ ነው። እርስዎ 0.1 ብለው ያለ ትእምርተ ጥቅስ ሲጽፉ፣ ፓይተን ይህን ጽሑፍ ወደ ፍራክሽን ከማድረሱ በፊት ፍሎት ወደሚባለው የሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፍ) ቁጥር ይለውጠዋል። ፍሎት ለትርጉም አሃዞቹ ያለው ቦታ 53 ቢት ብቻ ሲሆን፣ 1/10 ግን በሁለትዮሽ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ከ1/10 ቀጥሎ ያለው ቅርብ ቁጥር ይያዛል፤ የዚያ ቁጥር ታህት 36028797018963968፣ ማለትም 2 በ55ኛ ርቢው ነው። ላዕሉን በ10 ቢያባዙት 36028797018963970 ይሆናል፤ ከታህቱ የሚበልጠው በ2 ብቻ ነው። ተማሪዎችዎ የሳቁበት ቁጥር ከ1/10 የራቀው ይህን ያህል ነው።

ለምን ማለቂያ እንደሌለው ለማስረዳት፣ ለክፍልዎ ከባሕረ ሐሳብ የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም። አባቶች ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ ካልዒትን ደግሞ በ60 ሣልሲት እየከፈሉ ያሰሉ ነበር። በዚህ አቆጣጠር የዕለት ሲሶ ልክ 20 ኬክሮስ ነው፤ ምንም ትራፊ የለውም። ስምንተኛው 7 ኬክሮስ ከ30 ካልዒት ነው። ሰባተኛውን ግን እስከ ሳድሲት ቢወርዱም አይጨርሱትም፤ ምክንያቱም 60ን ከሚያካፍሉት መካከል ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) 2፣ 3 እና 5 ብቻ ናቸው። በአስርዮሽ ያሉን 2 እና 5 ብቻ ስለሆኑ ሲሶ 0.333… ሆኖ ይቀራል። በሁለትዮሽ ደግሞ ያለን 2 ብቻ ነውና አንድ አሥረኛም እንደ ሲሶ ማለቂያ የሌለው ይሆናል። እንግዲህ የኮምፒዩተሩ ድህነት ከእኛ የሚለየው በአንድ አካፋይ ነው።

መፍትሔው ቁጥሩ ፍሎት ሳይሆን ወደ ፍራክሽን እንዲገባ ማድረግ ነው። «0.1»ን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ይስጡት፣ ወይም 1 እና 10ን እንደ ሁለት ድፍን ቁጥሮች ያቀብሉት፤ ሁለቱም 1/10 ይመልሳሉ። ሊሚት ዲኖሚኔተር የሚባለው ትእዛዝም አለ፤ ታህቱ ከአንድ ወሰን (ካልነገሩት ከ1000000) እንዳይበልጥ አድርጎ ቅርቡን ክፍልፋይ ይፈልጋል፣ ለእርስዎም 1/10ን ያወጣልዎታል። እኔ ግን ይህን ለተማሪ ባላሳይ እመርጣለሁ፤ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል መሆኑ ደግሞ ተማሪውን ያዘናጋዋል።

ሌሎች ቋንቋዎችም ይህንኑ መንታ መንገድ ያውቁታል። በሩቢ ቱ-አር የተባለው ትእዛዝ ያንኑ ረጅም ቁጥር ሲሰጥ፣ ራሽናላይዝ የተባለው 1/10 ይሰጣል፤ በጁሊያም ራሽናል እና ራሽናላይዝ በተመሳሳይ መልኩ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ፍሎቱ በእርግጥ የያዘውን ይነግርዎታል፤ ሁለተኛው እርስዎ ሊሉት የፈለጉትን ይገምታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም ግማሽ ቀን የጨረስኩበት ነው። በፓይተን የ1 እና 10 ፍራክሽን ከ0.1 ጋር እኩል ነው ወይ ብለው ቢጠይቁ «አይደለም» ይላል። የ1 እና 2 ፍራክሽን ከ0.5 ጋር ግን እኩል ነው፤ ግማሽ በሁለትዮሽ በትክክል ይጻፋልና። ከዚህም የባሰው ሁለቱን ሲደምሩ ነው፤ ፍራክሽን ላይ ፍሎት ከደመሩ ውጤቱ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ፍሎት ይሆናል። በመቶ መስመር ኮድ ውስጥ አንድ ቦታ የገባች ነጥብ ያላት ቁጥር ከዚያ በኋላ ያለውን ስሌት ሁሉ ይዛ ትሄዳለች።

ጥያቄ፦ ራኩ በሚባለው ቋንቋ እሠራለሁ። የወደድኩትም 0.1 ላይ 0.2 ደምሮ ከ0.3 ጋር እኩል ነው የሚል ብርቅ ቋንቋ ስለሆነ ነው። ሰሞኑን 1 + 1/2 + 1/3 እያልኩ በመደመር ስሞክር፣ እስከ 46ኛው ድረስ የውጤቱ ዓይነት «ራት» ነበር፤ 47ኛው ላይ ግን «ነም» ሆነ። ምንም ስሕተት አላሳየም። 10ም፣ 20ም፣ 40ም ሞክሬ ነበር፣ ሁሉም ደህና ነበሩ። 47 ላይ ምን አለ? (የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ይህን ቋንቋ ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ራኩ ቀድሞ ፐርል 6 ይባል የነበረውና በ2019 ስሙ የተለወጠው ቋንቋ ነው። እንደ 0.1 ያለ ነጥብ ያለው ቁጥር ሲጻፍለት እንደ ብዙዎቹ ቋንቋዎች ወደ ፍሎት አይወስደውም፤ 1/10 አድርጎ ይይዘዋል። ይህ ዓይነት ነው ራት የሚባለው (በአማርኛ ስሙ ከማታ ማዕድ ጋር መግጠሙ ለሚያመሽ ፕሮግራመር የሚያጽናና ነው)። ነም የተባለው ደግሞ ሌሎቹ ፍሎት የሚሉት ነው። ስለዚህ ከላይ ያሉት መምህር የተሰናከሉበት መግቢያ በራኩ ተጠግኗል። የእርስዎ መሰናክል ያለው መግቢያው ላይ ሳይሆን ከውስጥ ነው።

47 ላይ ያለው ነገር እጅግ ግልጽ ነው፤ 47 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ። የ46ቱ ድምር በዝቅተኛ ቃሉ ሲጻፍ ላዕሉ 5943339269060627227፣ ታህቱ 1345655451257488800 ነው። ከ44 እስከ 46 ያለው ታህት ይኸው አንዱ ነው፤ 45 ከ9 እና ከ5፣ 46 ከ2 እና ከ23 የተሠሩ ስለሆኑና እነዚህ ሁሉ በታህቱ ውስጥ አስቀድመው ስላሉ ምንም አይጨምሩበትም። 47 ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ውስጥ የትም የለም። ስለዚህ ታህቱ በ47 ይባዛና 63245806209101973600 ይሆናል፤ ይህም ሊቃለል አይችልም። በ64 ቢት ሊያዝ የሚችለው ትልቁ ድፍን ቁጥር ደግሞ 18446744073709551615 ነው። አዲሱ ታህት ከሦስት እጥፍ በላይ አልፎታል።

የራት ሕግ፣ በቋንቋው መመሪያ ላይ በይፋ እንደተጻፈው፣ ላዕሉ ያለ ገደብ እንዲያድግ ይፈቅዳል፤ ታህቱ ግን ከ64 ቢት እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ከበለጠም ውጤቱን ነም አድርጎ ይመልሳል። ምክንያቱም አይደበቅም፤ ታህት ያለ ልክ እንዲያድግ ከተተወ ተራው ሰው ሳያስበው ፕሮግራሙ እየዘገየ ይሄዳልና። ይህን ስጋት አልንቀውም፤ በሚቀጥለው ጥያቄ እንደምናየው እውነት ነው። ነገር ግን ወሰን ማበጀት አንድ ነገር ነው፤ ወሰኑ ሲጣስ ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው። እርስዎ በ10፣ በ20፣ በ40 ሞክረው ደህና ነው ማለትዎ የሚያስወቅስ አይደለም፤ እኔም ብሆን 47ን አስቤ አልሞክርም ነበር። ፕሮግራሙ የዓይነቱን ስም ካልተጠየቀ በስተቀር ራሱን አያጋልጥም፤ የሚወጣው ቁጥርም በዓይን ሲታይ ከእውነተኛው አይለይም።

በጁሊያ ያንኑ ድምር በ64 ቢት ድፍን ቁጥሮች ቢሠሩት፣ ያም እስከ 46 ይደርሳል፤ ያም 47 ላይ ይሰናከላል። የሚለየው አሰነካከሉ ነው፦ የመትረፍረፍ ስሕተት አውጥቶ ይቆማል። በሃስኬል ደግሞ የተለመደው ራሽናል ገደብ የለሽ ድፍን ቁጥር ስለሚጠቀም ችግር የለበትም፤ ሆኖም አንድ ሰው ፍጥነት ፈልጎ ራሺዮ የተባለውን የክፍልፋይ ዓይነት ወሰን ካለው ድፍን ቁጥር፣ ከኢንት፣ ጋር ካጣመረው፣ ሲትረፈረፍ ምልክቱ ሳይቀር ሊገለበጥ የሚችል፣ ከእውነተኛው ጋር ዝምድና የሌለው ቁጥር ያለ ድምፅ ይሰጠዋል። እንደ እኔ ምርጫ ቢሆን የሚጮኸውን እመርጣለሁ። በሥራ መካከል የሚቆም ፕሮግራም ያበሳጫል፤ ግን ቢያንስ የቆመበትን መስመር ቁጥር ይነግርዎታል።

ለእርስዎ ያለው መውጫ ሁለት ነው። ድምሩን የሚጀምሩበትን ዜሮ ፋትራት ያድርጉት፤ ይህ ወፍራሙ ራት ነው፣ ታህቱም ገደብ የለውም፣ ከራት ጋር ሲደመርም ውጤቱ ፋትራት ሆኖ ይቀጥላል። አለዚያም በቋንቋው ላይ ኋላ የተጨመረውን ራት-ኦቨርፍሎው የተባለ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ፤ ወሰኑ ሲጣስ እንዲያስጠነቅቅ፣ በስሕተት እንዲቆም ወይም ራሱ ወደ ፋትራት እንዲሸጋገር ማዘዝ ይቻላል። ሲሠሩ በስሕተት እንዲቆም ቢያደርጉት፣ የትኛው ስሌት ፋትራት እንደሚያስፈልገው ራሱ ያሳይዎታል።

«ነም የሆነውን መልሼ ወደ ራት ብለውጠውስ?» እንዳይሉ እሰጋለሁ። የጠፋው አይመለስም። ራኩ ነምን ወደ ራት ሲለውጥ፣ ካልነገሩት በቀር፣ ከአንድ ሚሊዮንኛ ባልበለጠ ልዩነት የሚጠጋውን ቀላል ክፍልፋይ ነው የሚፈልገው። ፓይን ቢሰጡት 355/113 ይመልስልዎታል። ይህ በ5ኛው መቶ ዓመት ቻይናዊው ዙ ቾንግዢ የደረሰበት ድንቅ ግምት ነው፤ ግምትነቱ ግን አይቀርም። በዚህ አሠራር ከሚሊዮንኛ ያነሰ ቁጥር ደግሞ ጭራሹኑ ወደ 0 ሊጠጋ ይችላል።

መውጫው ላይም ይጠንቀቁ። ራኩ 1/3ን ሲያትም 0.333333 ብሎ ያቆማል። በሚሞሪ ውስጥ ያለው አሁንም 1/3 ነው፤ የታጠረው ጽሑፉ ብቻ ነው። ነገር ግን ያንን ጽሑፍ ፋይል ውስጥ አስቀምጠው ነገ መልሰው ቢያነቡት፣ 333333/1000000 የሚል፣ ፍጹም ትክክለኛ የሆነና ከትናንቱ በ1/3000000 የሚያንስ ራት ያገኛሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ለማስቀመጥ ላዕሉንና ታህቱን ለየብቻ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ የ2ን ካሬ ሥር በኒውተን ዘዴ በፓይተን ፍራክሽን አሰላሁ። ፓይተን ገደብ ስለሌለው ደስ ብሎኝ 30 ዙር እንዲሄድ አዘዝኩት። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በቅጽበት አለቁ፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ማቃሰት ጀመረና አጠፋሁት። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማጥፋትዎ ደግ ነው። ከ1 ተነስተው ቁጥሩን 2 ለራሱ ለቁጥሩ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እያማከሉ ሲሄዱ የሚያገኙት 3/2፣ 17/12፣ 577/408፣ 665857/470832፣ ከዚያም 886731088897/627013566048 ነው። የታህቱ አሃዞች ብዛት በየዙሩ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ አምስተኛው ዙር 12 አሃዝ አለው፣ ስድስተኛው 25 ይሆናል። በራኩ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ስድስተኛው ላይ ወደ ነም ይወርድ ነበር። ፓይተን ግን እሺ ብሎ ይቀጥላል፤ በ20ኛው ዙር ታህቱ ከ400 ሺህ በላይ፣ በ30ኛው ደግሞ ከ400 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ይኖረዋል። በየዙሩም ክፍልፋዩን ለማቃለል የሁለቱን ግዙፍ ቁጥሮች ትልቁን የጋራ አካፋይ ይፈልጋል፤ እዚህ ስሌት ላይ ግን የሚቃለል ነገር አያገኝም።

እንደማያገኝ በእጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፤ ውብ ነገርም ስለሆነ ይሞክሩት። 577 በራሱ ሲባዛ 332929 ነው፤ 408 በራሱ ተባዝቶ በ2 ሲባዛ 332928 ነው፤ ልዩነቱ 1። በሁሉም ዙር ይኸው 1 ይወጣል። ላዕልና ታህት ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ቢኖራቸው ኖሮ ያ አካፋይ 1ንም ማካፈል ይኖርበት ነበር።

ስሕተቱ የዓይነቱ ሳይሆን የምርጫው ነው። የ2 ካሬ ሥር ክፍልፋይ አይደለም፤ ስለዚህ የትኛውም ዙር፣ ምንም ያህል ትክክል ሆኖ ቢሰላ፣ መልሱ ላይ አይደርስም። አምስተኛው ዙር ብቻውን ከ20 በላይ የአስርዮሽ ቦታ ትክክል ነው፤ ፍሎት የሚይዘው ደግሞ ወደ 16 አሃዝ ነው። 50 ወይም 100 አሃዝ ከፈለጉ የአሃዝ ብዛት የሚወሰንለትን ዴሲማል የተባለ ዓይነት ይጠቀሙ። ፍራክሽንን ካልለቀቅሁ ካሉ፣ በየዙሩ መጨረሻ ሊሚት ዲኖሚኔተርን ጠርተው ታህቱን ይቁረጡት። ለመምህሩ ያልመከርኩትን ለእርስዎ የምመክረው፣ እዚህ ግምት መሆኑን አውቀው ስለሚገቡበት ነው።

ጥያቄ፦ ለማኅበራችን የገንዘብ ክፍፍል ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ሳንቲም እንዳይጠፋ ሁሉንም ነገር በፍራክሽን ላድርገው? (የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አያድርጉት። 1000 ብር ለሦስት ሰው ሲካፈል ፍራክሽን ለእያንዳንዱ 1000/3 ብር ይላል፤ ሦስቱን መልሶ ቢደምርም ልክ 1000 ይሆናል፤ የሳንቲምን ሲሶ የሚከፍል ገንዘብ ያዥ ግን የለም። ሲከፈል እያንዳንዱ 333.33 ይወስድና አንድ ሳንቲም ይተርፋል፤ ይህች ሳንቲም የምትጠፋው በቁጥሩ ዓይነት ሳይሆን ማን እንደሚወስዳት ባለመወሰኑ ነው። ሁሉንም በሳንቲም፣ በድፍን ቁጥር ይያዙ፤ 100000ን ለ3 ሲያካፍሉ ድርሻው 33333፣ ቀሪው 1 ነው። ቀሪዋ በስም ዝርዝሩ መጀመሪያ ላለው ትሰጥ ወይስ በየተራ ትዙር የሚለውን ማኅበርተኞቹ ይወስኑ፣ እርስዎም ውሳኔውን ኮዱ ውስጥ ይጻፉት።